ከፊት ጎማው ሲጢጥ የሚል መኪና ይነዳል ወይስ ይቆማል?

መኪናችሁ ከፊት ጎማ አካባቢ ሲጢጥ ማለት ከጀመረ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ልንዳው ወይስ ላቁመው?» የሚል ነው። አጭሩ መልስ ይህ ነው። አብዛኛው ሲጢጥታ ዛሬውኑ አደጋ አያደርስም፤ ጥቂቱ ግን ያደርሳል። ሁለቱን የሚለያቸው የድምፁ ጉልበት ሳይሆን ድምፁ የሚመጣበት ጊዜ ነው።

ይህን አጥብቄ የምለው ሰው በጩኸቱ ስለሚሸወድ ነው። ኮሮኮንች መንገድ ላይ አንዲት ጠጠር ተፈናጥራ በፍሬን ዲስኩና ከጀርባው ባለው ስስ ቆርቆሮ መካከል ብትገባ ሰፈሩን ሁሉ ታስነሳለች። መንገደኛው ዞሮ ያያል፤ ሹፌሩ ይደነግጣል። መኪናው ግን ምንም አልሆነም። ጠጠሯ ስትወጣ ነገሩ ያበቃል። ሊነቀል የደረሰ ቦል ጆይንት፣ ማለትም የፊት ጎማውን በቦታው የሚይዘው መጋጠሚያ፣ ደግሞ ጉብታ ላይ አንዴ «ቋ» ብሎ ዝም ሊል ይችላል። ሬዲዮ ከተከፈተ ጭራሽ አይሰማም። ሊያስፈራን የሚገባው ይሄኛው ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የማይነዳውን ልናገር። ፍሬን ሲረገጥ ብረት ከብረት የሚፋጭ ሻካራ ድምፅ ካለ፣ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው በላይ ወደ ታች ከወረደ፣ መኪናው አይነዳ። መሪው ከላላ፣ ማለትም ስታዞሩት ጎማው ቶሎ የማይታዘዝ ወይም መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ፣ አይነዳ። ከፊት ጎማዎቹ አንዱ ካለወትሮው አዘንብሎ ከታየ ደግሞ ከቆመበት አይነቃነቅ። በእነዚህ ሁኔታዎች «ቀስ ብዬ ጋራዥ ላድርሰው» ማለት አያዋጣም። በገመድ መጎተትም አይሆንም፤ የሚጎተት መኪና ራሱ መሪና ፍሬን ያስፈልገዋል። ወይ መካኒኩ ይምጣ፣ ወይ መኪናው ተጭኖ ይሂድ።

ለሌላው ብልሽት ጊዜ አለ። ምን ያህል ጊዜ እንዳለ ለማወቅ ግን ድምፁ ከየት እንደሚመጣ መለየት ያስፈልጋል።

መቼ ነው የሚጮኸው?

ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቀን ጆሮ ስጡት። ሬዲዮውን ዝጉ፣ መስኮቱን አውርዱ፣ ግንብ ባለበት በኩል ቀስ ብላችሁ ንዱ። ግንቡ ድምፁን መልሶ ስለሚያሰማ የትኛው ጎማ እንደሆነ ለመለየት ይረዳል። ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ። ፍሬን ስትይዙ ነው የሚመጣው? ጉብታ ስታልፉ ነው? መሪ ስታዞሩ ነው? ወይስ ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ ከፍጥነቱ ጋር እየጨመረ? መልሱ ወደተለያየ ቦታ ይመራል።

«ፊቱ ይጮሃል» ብቻ ተብሎ ጋራዥ የገባ መኪና ብዙ ጊዜ ያልተበላሸ ዕቃ ተቀይሮለት ይወጣል። ይህ ሁልጊዜ የመካኒኩ ተንኮል አይደለም። ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና አይጮህም፤ ባለሙያውም የሚነሳው ከተነገረው ነው። «ጠዋት ጠዋት፣ ፍሬን ሳልይዝ፣ በቀኝ በኩል» ብላችሁ ብትነግሩት የግማሽ ቀን ፍለጋ ታስቀሩለታላችሁ።

ፍሬን ስትይዙ ከሆነ

ከሁሉ የተለመደው ይህ ነው። በአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች የፊት ፍሬን ዲስክ ነው። የብረት ዲስኩ ከጎማው ጋር ይዞራል። ፍሬን ሲረገጥ ሁለት ሸራዎች ከውስጥና ከውጭ ጨምቀው ይይዙታል። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጫን ከማቆሙ ሥራ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት የፊት ፍሬኖች ናቸው። የፊት ሸራ ቶሎ የሚያልቀውም ለዚህ ነው።

አዲስ ሸራ ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በብዙ ሸራዎች ላይ አንዲት ቀጭን የብረት ምላስ ተገጥማለች። ሸራው ተበልቶ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሲቀረው ምላሷ ዲስኩን መንካት ትጀምርና ቀጭን፣ ጥርስ የሚያፋጭ ጩኸት ይወጣል። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ ማስጠንቀቂያ ነው። ብዙ ጊዜ መለያው ፍሬን ሳትነኩ እየሄዳችሁ ይጮህና ስትረግጡ መጥፋቱ ወይም መለወጡ ነው። ሰው ግን ይህንኑ ተቃራኒ አድርጎ ይወስደዋል። «ፍሬን ስይዝ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ፍሬኑ አይደለም» ይላል። እዚህ ደረጃ ላይ ፍሬኑ ገና ይሠራል። ያላችሁ ጊዜ ግን በቀናት የሚቆጠር ነው እንጂ በወራት አይደለም።

ችላ ከተባለ ሸራው ያልቅና የተለጠፈበት ብረት ዲስኩን ይነካል። ያኔ ሲጢጥታው ወደ «ግርርር» ይለወጣል። ዲስኩ ይጫራል፤ በሸራ ብቻ ያልቅ የነበረ ሥራ ዲስክ ይጨምራል። ከገንዘቡ የባሰው ደግሞ መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀት መርዘሙ ነው። ከፊታችሁ ልጅ ድንገት ቢሻገር ያ ርቀት አይገኝም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቆ ሸራውን ማየት ይቻላል፤ የሚታየው ግን የውጭው ነው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው የውስጡ ነው። ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራዎቹን የሚጨምቀው ክፍል፣ በሁለት ፒኖች ላይ ይንሸራተታል። ፒኖቹ አቧራ ገብቶባቸው ወይም ዝገው ሲያዙ የውስጡ ሸራ ብቻውን ይሠራል። የውጭው ግማሽ ሳይደርስ የውስጡ ብረት ላይ ይደርሳል። «አይቼዋለሁ፣ ገና ነው» የሚል ሰው ያላየው ያንን ነው። ጎማው ይውለቅና ሁለቱም ይታዩ። ፒኖቹም ይንሸራተቱ እንደሆነ በእጅ ይሞከሩ።

የፍሬን ዘይቱም ይናገራል። ሸራ ሲሳሳ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውጭ እየወጣ ስለሚሄድ በዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው መጠን ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል። ዝቅ ብሎ ያየው ሰው ወዲያው ይሞላዋል፤ ምልክቱም አብሮ ይጠፋል። ከመሙላት በፊት ሸራው ይታይ። ሸራው ወፍራም ሆኖ ዘይቱ ከጎደለ ደግሞ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ያ ከሸራ የበለጠ ያስቸኩላል።

ጉዳት የሌለው የፍሬን ጩኸትም አለ። ዝናብ ባደረበት ማግሥት ወይም መኪናው ታጥቦ ሲያድር ዲስኩ ላይ ስስ ዝገት ይይዛል። ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍሬኖች ይጮሃሉ፤ ከዚያ ዝገቱ ተጠርጎ ዝም ይላል። አዲስ የገባ ጠንካራ ሸራም ሊጮህ ይችላል። ሸራው ዲስኩን ሲይዝ በጣም ፈጣን ንዝረት ይፈጠራል፤ እኛ የምንሰማው ያንን ነው። ሸራው ወፍራም፣ ዲስኩ ልሙጥ፣ ፒኖቹ ነፃ ከሆኑ ይህ ያናድዳል እንጂ አያሰጋም።

ከተማ ውስጥ «ይሠራል» የተባለ ስስ ሸራ ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን አይታመንም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ፣ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ወይም ሊማሊሞ ላይ፣ ፍሬኑ ለረጅም ጊዜ ይያዛል። ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ሸራው ሲሳሳ ደግሞ ሙቀቱ በቀላሉ አልፎ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይደርሳል። ዘይቱ ከፈላ ውስጡ ትነት ይፈጠርና ፔዳሉ ሲረገጥ ባዶ ይሆናል። ከፊቱ ሲጢጥ የሚል መኪና ይዞ፣ ሸራው ሳይታይ፣ ቤተሰብ ጭኖ ክፍለ ሀገር መውጣትን በፍጹም አልደግፍም። ሸራው ጥሩ የሆነም ቢሆን በዝቅተኛ ማርሽ ይውረድ።

ጉብታ ስታልፉ ከሆነ

የፊት እግሩ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኙት ብረቶች፣ በብዙ ቦታ የሚያያዙት በቡሽ፣ ማለትም በላስቲክ ቀለበት፣ ነው። ቡሹ ንዝረቱን ይውጣል፤ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ ያደርጋል። ዓመታት ሲያልፉ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ኮብልስቶንና ኮሮኮንች ደግሞ ያፋጥኑታል። የደረቀ ቡሽ ብረቱ ላይ ሲሻሽ ረዘም ያለ «ሲጢጢጥ» ያሰማል። ጉብታ ላይ ቀስ ብላችሁ ስትወጡ ይሰማል። አንዳንዴ ሰው ከመኪናው ሲወርድም ይሰማል።

ጆሮን በጣም የሚያስቸግረው ይህ ነው። አደጋው ግን አነስተኛ ነው። በተለይ የስታቢላይዘር፣ ማለትም መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘው ብረት፣ ቡሽ ከሆነ ወር ደመወዝ እስኪገባ መጠበቅ ይችላል። ሎወር አርሙን፣ ማለትም ጎማውን ከታች የሚይዘውን ክንድ፣ የሚይዘው ትልቁ ቡሽ ግን እስኪቀደድ አይተው። እሱ ከተቀደደ ፍሬን ስትይዙ ጎማው ከቦታው ይንሸራተታል፤ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል፤ ጎማም በአንድ በኩል ብቻ ይበላል። ሲጢጥታው ወደ «ገጭ ገጭ» ከተለወጠ ነገሩ ከመድረቅ አልፏል ማለት ነው።

የትኛው ቡሽ እንደሆነ ለመለየት ውሃ ይበቃል። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁማችሁ የእጅ ፍሬን ያዙ። አንድ ሰው ከፊት በኩል በእጁ ወደ ታች እየገፋ ያወዛውዘው። እናንተ ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብላችሁ በላስቲክ ጠርሙስ ቡሾቹን አንድ በአንድ አርጥቡ። ውሃ ሲነካው ዝም ያለው እሱ ነው። ውሃው ሲደርቅ ይመለሳል። ከመኪናው ሥር ግን አትግቡ።

እዚህ ላይ የምቃወመው አንድ ልማድ አለ። ድምፁን ዝም ለማሰኘት ቡሹ ላይ የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ ይረጫል። ለጥቂት ቀን ዝም ይላል፤ ባለመኪናውም ተደስቶ ይሄዳል። የነዳጅ ዘር የሆነ ዘይት ግን ላስቲክን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። አቧራም ይለጥፍበታል። ቡሹ ከዘይቱ በፊት ከነበረው ብሶ ይመጣል። ለላስቲክ የሚሆነው የሲሊኮን ቅባት ነው። እሱም ድምፁን ያበርዳል እንጂ የተቀደደ ቡሽ አይጠግንም። ድምፅ ማጥፋትና ብልሽት መጠገን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ገንዘብ ስትከፍሉ የትኛው እንደተሠራላችሁ ጠይቁ።

ቦል ጆይንት፦ ትንሹ ድምፅ

ጉብታ ላይ ከሚመጡት ሁሉ ጊዜ የማይሰጠው ይህ ነው። ቦል ጆይንት ማለት በብረት ስኒ ውስጥ የተቀመጠች ክብ የብረት ራስ ናት፤ የጭናችን አጥንት ዳሌ ላይ እንደሚገጥመው። ጎማው ወደላይና ወደታች ሲል፣ ወደ ግራና ቀኝ ሲዞር፣ እሷ ውስጥ ትዞራለች። ላይዋን የጎማ ቆብ ይሸፍናታል፤ ውስጡ ግሪስ አለ።

ቆቡ ሲቀደድ ሁሉም ነገር ይጀምራል። በስንጥቁ በኩል አቧራና ውሃ ይገባል። ግሪሱ ይታጠባል። ቀሪው ከአቧራው ጋር ተለውሶ የብረቷን ራስ እንደ አሸዋ ወረቀት ይበላታል። መጀመሪያ መሪ ስታዞሩ ቀጭን «እጥጥ» የሚል የደረቅ ብረት ድምፅ ይመጣል። ቆይቶ ጉብታ ላይ «ቋ» ማለት ይጀምራል። በመጨረሻ ራሷ ከስኒዋ ትወጣለች። ያኔ ጎማው ከሥሩ ተለቆ ይገለበጣል፤ መኪናው በአፍንጫው መሬት ይመታል፤ መሪው ምንም አያደርግም።

ይህ ከአምራቹም የሚመጣበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ከ700 ሺህ በላይ ፎርራነር፣ ታኮማ፣ ታንድራና ሴኮያ መኪናዎችን ለታችኛው ቦል ጆይንት ጠርቷል። ምክንያቱ ሲመረት በብረቷ ራስ ላይ የቀረ ጭረት ነው። ጭረቱ ቀስ በቀስ ስኒውን ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ወደ 533 ሺህ የሚጠጉ ታንድራና ሴኮያ በተመሳሳይ ክፍል ምክንያት ተጠርተዋል። ከመነቀሉ በፊት የሚታዩት ምልክቶች ድምፅና የመሪ መክበድ ነበሩ። መኪናው አስቀድሞ ይናገር ነበር ማለት ነው። አሜሪካ ያላችሁ የሻንሲ ቁጥራችሁን በመንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ መኪናችሁ ተጠርቶ እንደሆነ በነፃ ማየት ትችላላችሁ። የተጠራ መኪና ጥገናውም በነፃ ነው።

የመኪናው አሠራርም ለውጥ ያመጣል። ቪትዝና ኮሮላ የፊት እግራቸው ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው። በኢንጂነሩ በኧርል ማክፈርሰን የተሰየመ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በእንግሊዙ ፎርድ ኮንሰል ላይ ታይቷል። በዚህ ዓይነት የመኪናው ክብደት የሚያርፈው በሞላው (በስፕሪንጉ) እና በሾክ አብዞርበሩ በኩል ነው። የታችኛው ቦል ጆይንት ክብደቱን አይሸከምም፤ ጎማውን በቦታው ይይዛል። በፕራዶ፣ በሃይሉክስና በቆየው የሃይስ ሚኒባስ ላይ ግን ከላይና ከታች ሁለት አርሞች አሉ፤ ክብደቱም በቦል ጆይንት በኩል ያልፋል። ቀን ሙሉ ሰው ሞልቶ የሚመላለስ ሚኒባስ ይህ ክፍል በየጊዜው ካልታየለት የሚያሰጋው ተሳፋሪውን ሁሉ ነው። ማክፈርሰን ላይም ቢነቀል ጎማው ይገለበጣል፤ ልዩነቱ የሚበላበት ፍጥነትና የሚሸከመው ጫና ነው።

ምርመራው ቀላል ነው፤ ግን በትክክል መደረግ አለበት። መኪናው በክሪክ ይነሳል፣ ድጋፍ ይገባለታል፣ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቀነቃል። ጨዋታ፣ ማለትም ልቅነት፣ ካለ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ ጨዋታው ከጠፋ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ ቦል ጆይንት ነው። ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ የሚሰማ ጨዋታ ብዙ ጊዜ የመሪ ቴስቲኒ፣ ማለትም መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ጫፍ፣ ነው። ክሪኩ የሚገባበት ቦታ ደግሞ ወሳኝ ነው። እንደ ቪትዝ ባለው መኪና እግሩ ተንጠልጥሎ ይመረመራል። ሞላው ታችኛው አርም ላይ በሚያርፍበት መኪና ግን ክሪኩ ከአርሙ ሥር፣ ወደ ጎማው ቀረብ ብሎ መግባት አለበት። አለበለዚያ ሞላው ቦል ጆይንቱን ወጥሮ ስለሚይዘው የተበላውም ጤነኛ ይመስላል። «ነቅንቄዋለሁ፣ ምንም የለውም» የተባለ ፕራዶ ላይ ክሪኩ የት ነበር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መሪ ስታዞሩ ወይም ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ ከሆነ

መኪናው ቆሞ መሪ ሲዞር ከኮፈኑ ሥር፣ ከሾክ አብዞርበሩ አናት አካባቢ፣ የሚንቋቋ ድምፅ ከመጣ የላይኛው መቀመጫ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። መሪው ከተዞረ በኋላ በራሱ አለመመለሱ አብሮት ይመጣል። ቶሎ ቢሠራ ይሻላል፤ ግን ጎማ አይነቅልም።

መሪው እስከ መጨረሻው ዞሮ መኪናው ሲንቀሳቀስ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ካለ ጥርጣሬው ወደ ሰሚያሱ፣ ማለትም ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ መጋጠሚያ ይሄዳል። ጎማው አካባቢ የተረጨ ጥቁር ግሪስ ፈልጉ። የጎማ ሽፋኑ ገና እንደተቀደደ ከተደረሰበት ሽፋንና ግሪስ ቀይሮ ማዳን ይቻላል። «ቀጭ» ማለት ከጀመረ በኋላ ግን ግሪስ አያድነውም።

ሞተር ሲነሳ ወይም መሪ ሲጠመዘዝ ለአፍታ የሚጮህ ስል ድምፅ ከጎማ ሳይሆን ከቺንጋ፣ ማለትም ሞተሩ ላይ ከሚዞረው ቀበቶ፣ ሊሆን ይችላል። በብዙ መኪናዎች ያው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም ያዞራል። ከተበጠሰ ባትሪው አይሞላም፤ ሞተሩም ይግላል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ማቆየቱ አያዋጣም።

ቀጥ ብሎ ሲሄድ ከፍጥነት ጋር የሚጨምር «ኡኡኡ» የሚል ጉርምርምታ የኩሽኔታ ነው። ሰፊ ኩርባ ላይ ወደ አንድ ጎን ስታዞሩ ይጨምራል፤ ወደ ሌላው ስታዞሩ ይቀንሳል። ጨዋታ የሌለውና ገና የጀመረ ኩሽኔታ ከተማ ውስጥ ጥቂት ቀን ይታገሣል። ጨዋታ ያለው ግን አይነዳ።

የኤሌክትሪክ መኪናስ?

በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ካገደች ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። የኤሌክትሪክ መኪና እግር ከሌላው ብዙ አይለይም። ቡሽ አለው፣ ቦል ጆይንት አለው፣ ኩሽኔታ አለው። የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ ከባድ ነው። ቪትዝ 1 ቶን ገደማ ሲሆን የኤሌክትሪኩ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ግን 2 ቶን ገደማ ነው። ያው ጉድጓድ ሲመታ እግሩ የሚቀበለው ጫና ይበልጣል። ሁለተኛ፣ እግራችሁን ከፍጥነት ፔዳሉ ስታነሱ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ባትሪ ይሞላል። ስለዚህ የፍሬን ሸራው ብዙም አይሠራም። ይህ ጥሩ ይመስላል፤ ዕድሜውንም ያረዝመዋል። ነገር ግን ዲስኩ ሳይጠረግ ይቆይና ይዝጋል፤ ፒኖቹም ተይዘው ይቀራሉ። አውላላ መንገድ ላይ፣ ኋላችሁ ማንም በሌለበት፣ አልፎ አልፎ ጠንከር አድርጎ ፍሬን መያዝ ዲስኩን ያጸዳዋል።

የሞተር ድምፅ ስለሌለ ደግሞ ትንሹም ሲጢጥታ ጎልቶ ይሰማል። አዲስ መኪና ገዝቶ «ተሸወድኩ» የሚል ሰው የሚሰማው፣ በድሮው መኪናውም ላይ የነበረ፣ ሞተሩ የሸፈነው የቡሽ ድምፅ ሊሆን ይችላል።

ጋራዥ ስትገቡ

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ብልሽቱ ይታያችሁ። ጨዋታ አለው ከተባለ ራሳችሁ ነቅንቁት። ቡሽ ተሰንጥቋል ከተባለ በባትሪ መብራት እዩት። ጥሩ መካኒክ ይህን ሲጠየቅ አይከፋውም። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ተቀበሉ።

ሸራ ሲቀየር የግራም የቀኝም አብሮ ይቀየራል፤ አለበለዚያ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። የዕቃው ጥራት ላይ ደግሞ አትደራደሩ። ኪስ ካልቻለ የስታቢላይዘር ቡሹ ርካሽ ይሁን። ቦል ጆይንት፣ ቴስቲኒና የፍሬን ሸራ ግን ከሚታመን ሱቅ፣ ኦርጅናል ወይም ስም ያለው አምራች ያወጣው ይሁን። ያገለገለ ቦል ጆይንት ከአራጅ፣ ማለትም አሮጌ መኪና ፈታትቶ ዕቃ ከሚሸጥ፣ መግዛትን በጭራሽ አልመክርም። ውስጡ ምን ያህል እንደተበላ ከውጭ አይታይም።

ቴስቲኒ ወይም ሎወር አርም ከተነካ ከጋራዡ ቀጥታ ወደ አላይመንት፣ ማለትም የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ፣ ሂዱ። ካልሄዳችሁ አዲሱ ዕቃ ጎማችሁን በጥቂት ወራት ይበላዋል። ሸራ ከተቀየረ ደግሞ ከግቢው ሳትወጡ፣ መኪናው እንደቆመ፣ የፍሬን ፔዳሉን ደጋግማችሁ እርገጡ። አዲሱ ሸራ እንዲገባ ፒስተኑ ወደ ኋላ ተገፍቷል። የመጀመሪያው ርግጫ ወለል ድረስ ሊወርድ ይችላል፤ ፔዳሉ ጠንክሮ እስኪቆም ድረስ በሩን አትሻገሩ።